ቸርኬ ከመግዛታችሁ በፊት ፍሬኑን ለኩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። የመኪና ዓምዳችሁን ከማያመልጣቸው አንባቢዎች አንዱ ነኝ። ስለ ድሮ ስፖርት መኪኖች ያወጣችሁት ጽሑፍ ደስ ብሎኛል፣ ፎቶዎቹማ አንጀት ያርሳሉ። አንድ ቦታ ላይ ግን አልተስማማንም። ቸርኬ መቀየር ቀላል ሥራ ነው፣ የቡሎኑ ቀዳዳ ከገጠመ አለቀ የሚል ነገር ጽፋችኋል። አላለቀም። እንዲያውም ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ሰው ቸርኬን የሚያየው ከውጭ ነው። እንደ ጫማ። ያማረውን መርጦ ያስገባል። ቸርኬ ግን የፍሬን አካል ነው። ካሊፐሩ (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው) የሚኖረው ሆዱ ውስጥ ነው፣ የኋላ ታምቡሩ (ሸራው ከውስጥ የሚገፋው ከበሮ) ተጣብቆ የሚቆመው በሱ ጀርባና በሞዞው (ቸርኬው በሚታሰርበት እምብርት) መካከል ነው፣ የፍሬኑ ሙቀት የሚወጣው በሱ ክፍተቶች ነው፣ ፔዳሉን ስትረግጡ መኪናውን የሚያቆመው ኃይልም መሬት የሚደርሰው በሱ በኩል ነው። ስለዚህ ቸርኬ የቀየረ ሰው ሳያስበው ፍሬኑን ነክቷል። አዲስ መኪና ላይ ይህን ሁሉ ፋብሪካው አስቦ ጨርሶታል። የሃምሳ ዓመት መኪና ላይ፣ ለሌላ መኪና የተሠራ ቸርኬ ስንገጥም፣ አሳቢዎቹ እኛው ነን።

እንዳይደናገረን አንድ መኪና ይዘን እንሂድ። ዳትሰን 240ዚ ትሁን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ የወጣችው፣ ጃፓኖች ፌርሌዲ ዚ የሚሏት። ከፋብሪካ ስትወጣ 14 ኢንች የብረት ቸርኬ ነበራት፣ ወርዱ አራት ኢንች ተኩል ብቻ። ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ የአሉሚኒየም ታምቡር፣ ዙሪያውን ሙቀት እንዲያስወጣ ክንፍ ክንፍ የወጣለት። ያን ቀጭን ቸርኬ እንዳለ የተወ ባለቤት ፈልጋችሁ ብታገኙ ዕድለኛ ናችሁ። ሁሉም ቀይሮታል። መቀየሩን አልቃወምም፣ እኔም ዋታናቤ የሚባለውን ባለ ስምንት ክንድ የጃፓን ቸርኬ ሳይ ልቤ ይሸፈታል። የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው፦ መጀመሪያ ቸርኬ ይገዛል፣ ቀጥሎ ጎማ ይገባል፣ ከዚያ አልገባ ሲል ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ፣ በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባ ድርብ) ይፈለጋል፣ ፍሬኑ የሚታሰበው መኪናው ሲንቀጠቀጥ ነው።

የቀዳዳውን ነገር በአጭሩ እንጨርሰው። ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት በሚሊሜትር ይለካል። የ240ዚ አራት ቀዳዳ በ114.3 ነው። የፊያት 124 ስፓይደር አራት በ98። የቢኤምደብሊው 2002 እና የመጀመሪያው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ሁለቱም አራት በ100። የእናንተ ጽሑፍ እንደሚለው ቢሆን የኋለኞቹ ሁለቱ ቸርኬ መለዋወጥ ይችሉ ነበር። ግን የመሃል ቀዳዳቸውን ለኩት፣ ቢኤምደብሊውው 57.1 ሚሊሜትር፣ ማዝዳው 54.1። የማዝዳው ቸርኬ ቢኤምደብሊውው ሞዞ ላይ ጭራሽ አይገባም። የቢኤምደብሊውው ደግሞ ማዝዳው ላይ ይገባል፣ ግን ይዋልላል፣ መሃሉን የሚይዝለት ቀለበት ካልተደረገለት ዳዶው (ቡሎኑ ላይ የሚጠብቀው ነት) ባጠበቀው ልክ ወደ አንዱ ጎን ያዘነብላል። ይሄ መዋለል በኋላ «ፍሬኑ ይንቀጠቀጣል» እየተባለ ዲስክ ያስቀይራል። የዲስኩ ጥፋት ምንድን ነው?

ፊያት ላይ ደግሞ በ98 ቦታ የ100 ቸርኬ በግድ የሚያስገቡ አሉ። ሁለት ሚሊሜትር ምን ታመጣለች ይላሉ። እያንዳንዱ ቡሎን ከቦታው አንድ ሚሊሜትር ይስታል ማለት ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ኃይሉ ቸርኬውን በመጫን ፋንታ ቡሎኑን በማጉበጥ ያልቃል። እጃችሁ ላይ ጥብቅ ያለ ይመስላል፣ ቸርኬው ግን በደንብ አልተያዘም።

ከቀዳዳው ቀጥሎ ኦፍሴት የሚባለው አለ። ቸርኬው ሞዞ ላይ የሚያርፍበት ፊት ከወርዱ እኩሌታ ስንት ሚሊሜትር ይርቃል ነው ጥያቄው። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሲበዛ ወደ ውስጥ ይገባል። ለምሳሌ 6 ኢንች ወርድና 30 ኦፍሴት የነበረውን 7 ኢንች ወርድና 20 ኦፍሴት ባለው ቀየርን እንበል። ወርዱ በ25 ሚሊሜትር ጨምሯል፣ ግማሹ በየጎኑ። ኦፍሴቱ ደግሞ ሁሉንም በ10 ወደ ውጭ ገፍቷል። ሲደመር የውጭ ጠርዙ ወደ 23 ሚሊሜትር ገደማ ወደ ፓራፋንጎው ተጠግቷል፣ የውስጡ ጠርዝ ግን ወደ ውስጥ የገባው ከ3 ሚሊሜትር በታች ነው። ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ መሥራት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና ይጨምራል፣ መሪውም ይከብዳል። ፍሬን ጋ የሚገናኘው ነገር ግን ሌላ ነው። መኪናው ፍሬን ሲይዝ መንገዱ ጎማውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ጎማው መሪው ከሚዞርበት መስመር በራቀ መጠን ይህ መጎተት መሪውን የመጠምዘዝ ጉልበት ያገኛል። ሁለቱም የፊት ፍሬኖች እኩል ከያዙ ይጣፋሉ፣ አይታወቅም። አንዱ ካሊፐር ትንሽ ዛግ ብሎ ከሰነፈ፣ ወይም አንዱ ጎማ እርጥብ ላይ ካረፈ፣ መሪው ከእጃችሁ ሊነጥቃችሁ ይታገላል። በፋብሪካው ቸርኬ ላይ ይህ ስንፍና ተደብቆ ዓመታት ሊቆይ ይችል ነበር። ስለዚህ አዲስ ቸርኬ ከገባ በኋላ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን መሳብ ከጀመረ፣ ቸርኬው ያመጣው ብቻ ሳይሆን ቸርኬው ያጋለጠውም ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ካሊፐር ከፍቶ ማየት ነው።

አሁን ወደ ካሊፐሩ። የ240ዚ ባለቤቶች በጣም የሚወዱት አንድ ማሻሻያ አለ፣ የቶዮታ ፒክአፕን ባለ አራት ፒስተን ካሊፐር ከፊት መግጠም። ጥሩ ፍሬን ነው፣ ግን ወፍራም ነው። ብዙ ሰው 15 ኢንች ስለሆነ ይበቃል ብሎ ይገዛል። ኢንቹ የሚነግራችሁ የቸርኬውን ዙሪያ ብቻ ነው። ካሊፐሩ የሚነካው ግን ብዙ ጊዜ የክንዱን ጀርባ ነው። አንዱ 15 ኢንች ክንዱ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነው፣ ሌላው 15 ኢንች ሙልጭ ብሎ የተዘረጋ። የመጀመሪያው ይገባል፣ ሁለተኛው ካሊፐሩን ይልጠዋል። ኦፍሴታቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም።

መለኪያው ቀላል ነው። ጎማ ሳይገባበት ቸርኬውን ብቻ ውሰዱ። የልጆች ፕላስቲሲን ትንሽ ቆንጥራችሁ ካሊፐሩ ከፍ ባለበት ቦታ ሁሉ ለጥፉ፣ ከጎኑም ከአናቱም። ቸርኬውን ግጠሙ፣ ዳዶዎቹን በእጅ ሳይሆን በደንብ አጥብቁ፣ ከዚያ በእጃችሁ ሙሉ ዙር ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ፈትታችሁ ፕላስቲሲኑን እዩ። ተጨፍልቆ የቀረው ውፍረት ነው ክፍተታችሁ። ከ3 ሚሊሜትር በታች ከሆነ እኔ ያን ቸርኬ አልገዛም፣ ነፃ ቢሰጡኝም። ቸርኬ በኩርባ ላይ ይለመጣል፣ ካሊፐር ይሞቃል፣ ኩሽኔታ ትንሽ ልቅ ይላል፣ በቸርኬውና በካሊፐሩ መካከል ጠጠር ይገባል።

ይህን ስትለኩ የፍሬን ሸራው አዲስ ይሁን። ተንሸራታች የሆነው ካሊፐር ሸራው ሲያልቅ የውጭ እጁ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ክፍተቱ ይሰፋል። ባለቀ ሸራ ለክታችሁ «ገባ» ካላችሁ፣ ሸራ የቀየራችሁ ቀን ይነካል።

ሌላው ከልኬቱ በኋላ የሚመጣ ነው። ጎማው ባላንስ ሊደረግ ይሄዳል። ጎሚስታው ቸርኬው እንዳይበላሽ አስቦ የሚለጠፈውን ክብደት ከውስጥ በኩል፣ ልክ ካሊፐሩ አናት ላይ ይለጥፈዋል። ሦስት ሚሊሜትራችሁ እዚያ ላይ አለቀ። ክብደቱ ተጠራርጎ ይወድቃል፣ መኪናው እንደገና ይንቀጠቀጣል፣ ባለቤቱ ተመልሶ ፍሬን ቤት ይሄዳል። ጎማውን ስትሰጡ ካሊፐሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ በጠመኔ አስምሩለት፣ ደስ ብሎት ሌላ ቦታ ይለጥፈዋል።

የኋላው ታምቡር ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ብዙ ሰው የሚያልፈው እሱን ስለሆነ። በ240ዚ ላይ የፊት ዲስክ ከሞዞው በስተጀርባ የታሰረ ነው፣ ቸርኬው በቀጥታ አይጫነውም። የኋላው ታምቡር ግን በቡሎኖቹ ላይ ተሰክቶ በሞዞውና በቸርኬው መካከል ሳንድዊች ሆኖ ነው የሚኖረው። ቸርኬው ጠማማ ሆኖ ካረፈ ታምቡሩም ይጠማዘዛል። ዳዶው ባንድ በኩል ከልክ በላይ ከጠበቀ ታምቡሩ ክብነቱን ያጣል፣ አሉሚኒየም ነውና።

ይህን በቅርብ ያየሁት የአንድ ወዳጄ መኪና ላይ ነው። አዲስ ቸርኬ በአንድ ጋራዥ ተገጥሞለት ወጣ። ቀስ ብሎ ፍሬን ሲይዝ ፔዳሉ እግሩ ሥር ይተነፍሳል፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። የፊት ዲስክ ተጣሟል ብለው ዲስክ ቀየሩለት። ያው ነው። እኔ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ቀስ ብለህ እየሄድክ የእግር ፍሬኑን ሳትነካ የእጅ ፍሬኑን፣ ቁልፉን በአውራ ጣትህ እንደተጫንክ፣ ቀስ እያልክ ሳብ። ሳበ። መኪናው ልክ እንደ ቅድሙ ከፍ ዝቅ አለ። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላውን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ጉዳዩ ከኋላ ነው።

ቸርኬውን ስንፈታ ታምቡሩ ፊት ላይ የነበረው ሁሉ ታየን። አንድ ቡሎን ላይ ስስ የቆርቆሮ ቀለበት ነበር፣ ታምቡሩ እንዳይወድቅ ብቻ የምትደረግ ዓይነት። የድሮው የብረት ቸርኬ ጀርባው ላይ ጎድጓዳ ቦታ ስለነበረው ቀለበቷን ይውጣት ነበር። አዲሱ አሉሚኒየም ጀርባው ልሙጥ ነው፣ ቀለበቷ ላይ ቆሞ ባንድ በኩል ከፍ ብሏል። በዙሪያው ደግሞ የዝገት ቅርፊት። ቸርኬው ራሱ ጀርባው ድረስ ወፍራም የዱቄት ቀለም ተቀብቷል፣ ዳዶው የሚያርፍበት ጉድጓድ ውስጥ ሳይቀር፣ ቀለሙም ዳዶው ሥር ተሰነጣጥቆ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይረግፋል። ቀለበቷን በጉጠት ነቀልናት። ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ፈተግነው። ከቸርኬው ጀርባና ከጉድጓዶቹ ቀለሙን አነሳን። መልሰን በአራት ማዕዘን እየተሻገርን፣ አንዱን ከዚያ የፊት ለፊቱን፣ በሦስት ዙር አጠበቅን። ፔዳሉ መተንፈሱን ተወ። አዲስ የገዛው ዲስክ ከፊት ያለ ምንም ሥራ ተቀምጧል፣ ለነገሩ ያምራል።

ቀለም የምለው ለውበት ተቃዋሚ ሆኜ አይደለም። ቀለም ለስላሳ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ቀለሙን ይጫናል፣ ቀለሙ ሲሳሳ ወይም ሲረግፍ ዳዶው ሳይነካ ይላላል። የተቀባ ቸርኬ ካላችሁ ቀለሙ ከፊት ይሁን፣ ከጀርባና ከጉድጓዱ ይነሳ።

ስለ ዳዶ ካነሳን አይቀር፣ ዳዶ ሁሉ ዳዶ አይደለም። መቀመጫው ሦስት ዓይነት ነው፦ ሾጣጣ፣ እንደ ኳስ የተሞላ፣ እና ሮንዴላ የሚደረግበት ጠፍጣፋ። የድሮ ፖርሸ 911 እና ፎልስቫገን ከፋብሪካቸው የኳሱን ነው የሚጠቀሙት። ከፋብሪካው ውጭ የሚሠሩ ቸርኬዎች ደግሞ አብዛኞቹ 60 ዲግሪ ሾጣጣ ናቸው። የኳሱን ዳዶ ሾጣጣው ጉድጓድ ውስጥ ስታስገቡት የሚነካው እንደ ክር በቀጠነ መስመር ብቻ ነው። ይጠብቃል፣ ቶርክ ቁልፉም (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው መፍቻ) ቀጭ ይላል፣ ከጥቂት ኪሎሜትር በኋላ ግን በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ሰው መወዛወዝ ይጀምራል። አዲስ ቸርኬ ስትገዙ የሚስማማውን ዳዶ አብራችሁ ግዙ፣ የድሮውን በቆርቆሮ አስቀምጡት።

የቡሎኑና የዳዶው ጥርስም ይለያያል። ዳትሰን 12 ሚሊሜትር በ1.25 ነው (ውፍረቱ 12፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25)፣ ቶዮታ 12 በ1.5። ሁለቱ መደርደሪያ ላይ መንታ ይመስላሉ። የተሳሳተው ዳዶ ሁለት ዙር በእጅ ገብቶ ይያዛል፣ ከዚያ አንዱ በኤር ጋን፣ በአየር በሚሠራው መፍቻ፣ ትር አድርጎ ያስገባዋል። ጥርሱን በልቶት ነው የገባው። ዳዶ በእጅ ጣት እስከ መጨረሻው ካልሄደ አቁሙ።

ስንት ዙር መያዝ አለበት ላላችሁኝ፣ ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል። 12 ሚሊሜትር ቡሎን ከሆነ 12 ሚሊሜትር ጥርስ ይያዝ፤ በ1.5 ጥርስ 8 ዙር ነው፣ በ1.25 ደግሞ ወደ 10። የአሉሚኒየም ቸርኬ ከብረቱ ይወፍራል፣ ስለዚህ የድሮው ቡሎን ሊያጥር ይችላል። ስፔሰር ከተጨመረ ያጥራል፣ ጥርጥር የለውም። ባሳተማችሁት ፎቶ ላይ ያለችው ብርቱካናማዋ መኪና ዳዶዎቿ አናታቸው ክፍት ነው፣ ቡሎኑ ግን ውስጥ ገብቶ ጨልሟል፣ አይታይም። በፎቶ ብቻ ፍርድ አልሰጥም። ባለቤቱ ግን ፈትተው ዙሩን ቢቆጥሩት ደስ ይለኛል። በተቃራኒው አናቱ ድፍን የሆነውን ዳዶ የሚጠቀም ሰው ቡሎኑ ረዝሞ የዳዶውን ጣሪያ እንዳይነካ ይጠንቀቅ። ጣሪያውን ከነካ ቁልፉ ጠበቀ ይላል፣ ቸርኬው ግን አልተያዘም።

ቡሎኑ ሞዞው ላይ ተተክሎ የማይኖር፣ ከውጭ የሚገባ የሆነባቸው መኪኖች አሉ፣ ፊያት ዓይነቶቹ። እነዚህ ላይ አደጋው ሌላ ነው። ለስፔሰር ተብሎ የተገዛ ረጅም ቡሎን ስፔሰሩ ሲነሳ እዚያው ይቀራል። ሞዞውን አልፎ ከጀርባ ይወጣል፣ የኋላው ላይ የፍሬን ሸራውን ወይም የእጅ ፍሬኑን መያዣ ይፍቃል። አዲስ ቡሎን ስትገጥሙ መኪናው በክሪክ ላይ እንዳለ ጎማውን በእጅ አዙሩ። ሙሉ ዙር። የሚጮህ፣ የሚፍቅ፣ አንድ ቦታ ላይ የሚከብድ ነገር ካለ ሞተር አታስነሱ።

ማጥበቂያው ላይ የምለው አጭር ነው። ኤር ጋን ለመፍታት ነው። ለማጥበቅ ቶርክ ቁልፍ። ለ12 ሚሊሜትር ቡሎን ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 110 ኒውተን ሜትር ነው፣ የፖርሸ 911 ወፍራም ቡሎን 130 ይፈልጋል፣ የመኪናችሁን መጽሐፍ እዩ። ጥርሱን ዘይት አትቀቡ፣ መጽሐፉ ካላዘዘ በቀር፤ ዘይት የነካው ቡሎን በዚያው ቁጥር እጅግ በበለጠ ኃይል ይሳባል። አዲስ አሉሚኒየም ቸርኬ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከሄደ በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ዳግም ይጠበቅ። ቦታውን እየያዘ ትንሽ ስለሚላላ ነው።

ለመንቀጥቀጡ ነገር፣ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት ጥያቄ ጠይቁ። ፍሬን ሳትነኩ፣ አንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ ይንቀጠቀጣል? ያ ባላንስ ወይም የመሃል ቀዳዳ ነው፣ ፍሬኑን ተዉት። ፍሬን ስትይዙ ብቻ ነው? መሪው ላይ ከሆነ ወደ ፊት ሂዱ፣ ወንበራችሁ ሥር ከሆነ ወደ ኋላ። የእጅ ፍሬኑን ሙከራ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። «ዲስክ ተጣመመ» የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ አልተጣመመም፣ ውፍረቱ ቦታ ቦታ ላይ ተለያይቷል ወይም የሸራ ቅሪት ተጋግሮበታል።

ጎማውን በተመለከተ ኢንቹን ትተን ቁመቱን እንይ። ለ240ዚ 195/70 በ14 (ወርዱ 195 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የወርዱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 14 ኢንች) ብትገጥሙ ከመሬት እስከ አናቱ 629 ሚሊሜትር ነው። 205/60 በ15፣ 627። 205/55 በ16፣ 632። ሦስቱም ወንድማማች ናቸው። አሁን አንዱ ፓራፋንጎው ባዶ መሰለኝ ብሎ 215/60 በ16 ያስገባል። 664 ሆነ። ወደ 6 በመቶ ገደማ ጨመረ። ፍሬኑ ያው ነው፣ ከጎማው መሃል እስከ መሬት ያለው ርቀት ግን ረዘመ፣ ስለዚህ በአንድ ዓይነት ርግጫ መሬት ላይ የሚደርሰው ኃይል ከ5 በመቶ በላይ ይቀንሳል። እዚህ ላይ የፍጥነት መለኪያውም ይዋሻል። 100 ሲያሳይ በእውነቱ 106 እየሄዳችሁ ነው፣ በ106 ላይ ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት ደግሞ ከ100ው በ12 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ሁለቱ አብረው ነው የሚመጡት፣ ለዚህ ነው «ቸርኬ ከቀየርኩ ወዲህ ፍሬኑ ደከመብኝ» የሚለው ሰው እውነቱን የሆነው። ፍሬን ቤት ግን ምንም አያገኙለትም።

ሰፊና የሚይዝ ጎማ ሁልጊዜ ይሻላል የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። የመኪናው የፊትና የኋላ ፍሬን ክፍፍል የተቀመረው ለዘመኑ ቀጭን ጎማ ነው። ዛሬ ጎማው አጥብቆ ሲይዝ መኪናው በበለጠ ኃይል ይቆማል፣ ክብደቱ ወደ ፊት ይደፋል፣ የኋላው ይቀላል። የቀለለው የኋላ ጎማ ቀድሞ ይቆለፋል። የኋላ ሲቆለፍ መኪናው ዞሮ ነው የሚቆመው። የድሮ መኪና ላይ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) የለም። ስለዚህ ከአዲስ ጎማ በኋላ ባዶና ደረቅ ቦታ ላይ ቀስ በቀስ እየጨመሩ መሞከር ግድ ነው፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚቆለፍ ለማወቅ።

ትልቁን ካሊፐር የገጠመ ደግሞ የፍሬን ማስተሩን፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን፣ ያስታውስ። አራቱ ፒስተኖች ብዙ ዘይት ይፈልጋሉ፣ የድሮው 7/8 ኢንች ማስተር ለመሙላት ሩቅ ይጓዛል፣ ፔዳሉ ይረዝማል። ብዙዎች ከ240ዚ በኋላ የመጣችውን የ280ዜድኤክስን 15/16 ኢንች ያስገባሉ። የፒስተኑ ስፋት በ15 በመቶ ገደማ ይበልጣል፣ ፔዳሉ አጭርና ጠጣር ይሆናል፣ እግር ግን በዚያው ልክ የበለጠ መርገጥ አለበት። እኔ እሱን እመርጣለሁ፣ ረጅም ፔዳል አልወድም።

የፍሬን ጎማ ቱቦውንም እዩት። ሰፊ ቸርኬ ስትገጥሙ መሪውን እስከ ጥግ በግራም በቀኝም አዙሩ፣ መኪናው ወርዶ ሞላው ላይ ሲያርፍም በክሪክ ሲነሳም። ቱቦው ጎማውን የሚነካበት ቦታ አለ? ይህን ካያችሁ አይቀር ዕድሜውን ጠይቁ። ያረጀ ቱቦ ከውስጥ ያብጣል፣ ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ ያሳልፋል፣ ሲመለስ ግን ያንቃል። ፍሬኑ ይዞ ይቀራል፣ ቸርኬው ይግላል። አዲሱ ቸርኬ አየር አያስወጣም ተብሎ ይወቀሳል፣ ቱቦው ዝም ብሎ ያያል። ዘይቱም ውሃ ይስባል፦ አዲስ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ሲጠጣ ግን ዝቅተኛው ልኩ 155 ነው። መኪናው ስለማይነዳ ዘይቱ አዲስ ነው ማለት አይደለም።

የሽቦ ቸርኬ ያላችሁ፣ ኤምጂቢና ጃጓር ኢ-ታይፕ ዓይነት፣ ሌላ ዓለም ናችሁ። ቸርኬው የሚይዘው በሞዞው ጥርሶች ነው። ፍሬን ስትይዙ ወይም ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ስትቀይሩ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለ ጥርሶቹ አልቀው ይሆናል፣ ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ ደግሞ ፍሬኑ ሞዞውን ይይዛል፣ ቸርኬው ግን ይሽከረከራል። (ኢ-ታይፕ ላይ የኋላ ዲስኮች ቸርኬው ውስጥ አይደሉም፣ መሃል ዲፈረንሻሉ ጋ ነው ያሉት። የኋላ ቸርኬ ካሊፐር ነካ የሚል ክርክር እዚያ የለም። ሙቀቱ ግን ዲፈረንሻሉን ያንገበግበዋል፣ ነፃ ነገር የለም።)

የዘመኑን ኦሪጅናል ቸርኬ ፈልገው የሚገዙም አሉ። ሚኒላይት ከሚባሉት ቸርኬዎች የመጀመሪያዎቹ ማግኒዥየም ነበሩ። ቀላል ናቸው፣ ውብ ናቸው፣ ግን ማግኒዥየም ከውስጥ ይበላል። ቀለሙን አንስታችሁ በዳዶ ጉድጓዶቹ ዙሪያ ስንጥቅ በሚያሳይ ቀለም ሳታስመረምሩ አትንዱባቸው። ግድግዳ ላይ ስቀሏቸው፣ እዚያም ያምራሉ። አዲስ የምትገዙ ከሆነ የጃፓኖቹ ጄደብሊውኤል ወይም የጀርመኖቹ ኬቢኤ የጥራት ማረጋገጫ ምልክት የተቀረጸበትን ፈልጉ።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ልመና ይህ ነው። የአንድ መኪና ቸርኬ ስታሳዩን ከፎቶው ሥር ወርዱን፣ ኦፍሴቱን፣ የመሃል ቀዳዳውንና የጎማውን ቁጥር ጻፉልን፣ ከፊት ያለው ፍሬን ኦሪጅናል ይሁን የተቀየረ ጨምራችሁ። አንድ መስመር ነው፣ ቦታ አይፈጅም። የሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ስለ ጎማ ነው ብላችኋልና የጎማውን ዕድሜ ማንበብም አስተምሩ። ጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካያችሁ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ይጣል።

የዘወትር አንባቢያችሁ